ታናሺቱን የሚያስደስታት ቃል

የዝናቡ ወራት ካበቃ በኋላ በመጣው ሁለተኛ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አንዲት ወጣት የወንዝ አስደሳች በድንጋዩ ደረጃ ላይ ተንበርክካ፣ አገጯ ውሃውን ሊነካ እስኪቃረብ ጎንበስ ብላ፣ ቃሉን ተናገረች። ውሃው ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም ከጠጠሩ መካከል የታፈነ ሳቅ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ ከድልድዩ ሥር ተኝታ ያደረችው ታናሺቱ ተነሥታ መውረድ ጀመረች።

በዚያ ከተማ ወንዝ የሚወርደው ቁልቁለት ስላገኘ አይደለም፤ ደስ ስላለው ነው። ደስ ያላለው ወንዝ ባለበት ይተኛል፤ ከወፍጮው በላይ ከተኛ ወፍጮው ይቆማል፣ ከልብስ አጣቢዎቹ በላይ ከተኛ የከተማው አንሶላ ሁሉ በሳሙና እንደተነከረ ይውላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወንዝ የራሱን ቃል በየማለዳው የሚነግር ሰው ተመድቦለታል። ወንዞቹ ሦስት ናቸው፤ ሰዉ ታላቂቱ፣ መካከለኛይቱና ታናሺቱ ብሎ ይጠራቸዋል፣ ስለ እነሱ ሲያወራም ሦስት ልጃገረዶች ስላሉበት ቤት የሚያወራ ነው የሚመስለው። ታላቂቱ ጨዋ ናት፤ ቃሏን ሰምታ መንገዷን ትቀጥላለች። መካከለኛይቱ ጥቂት መባበል ትወዳለች። ታናሺቱ ግን አመለኛ ናት፤ ቃሉ በእንቅልፍ ድምፅ ከተነገራት ፊቷን ታዞራለች፣ ከተጮኸባት ደግሞ እስከ ምሳ ሰዓት ታኮርፋለች።

ታናሺቱ ለወጣቷ የተሰጠቻት ከክፍሏ አንደኛ ስለወጣች ነበር። የአስደሳቾች ትምህርት ቤት የሚሸልመው እንዲህ ነው፤ ለጎበዝ ተማሪ አስቸጋሪውን ወንዝ። በምረቃው ቀን ተማሪዎቹን ወክላ ባደረገችው ንግግር፣ «ደስታን ለወንዝ ማድረስ የቻለ ከተማ ለሰው ማድረስ ያቅተዋል ብዬ አላምንም» ብላ ነበር። አዳራሹ አጨበጨበላት። እናቷ ከሁሉም ሰው በኋላ ብቻዋን እስክትቀር አጨበጨበች፤ አባቷ በክርኑ ጎሸም አድርጎ ነው ያስቆማት። በዚያው ዓመት በጋ እናቷ ታመመች፤ በጋውም ሳያልቅ ዐረፈች።

አባትና እናት ጃንጥላ ጠጋኞች ነበሩ። የሚሠሩት ከቤታቸው ምድር ቤት፣ ወደ መንገዱ በሚከፈተው ክፍል ውስጥ ነው። የተጣመመውን ሽቦ የሚያቃናው፣ የላላውን መገጣጠሚያ የሚያጠብቀው፣ እጀታውን የሚተካው አባት ነው፤ ጨርቁን የምትቀደው፣ የምትሰፋውና ከሽቦው ጫፍ ጋር የምታያይዘው እናት ነበረች። እሷ ከሞተች በኋላም አባት በየጠዋቱ በሩን ይከፍታል፣ ሽቦ ያቃናል፣ የጨረሰውንም ከጣሪያው ላይ ይሰቅለዋል። የሚሰፋ ግን የለም። ክፍሉ ቀስ በቀስ ጨርቅ በሌላቸው ጃንጥላዎች ተሞላ፤ እሱም ከሥራቸው ተቀምጦ ይውላል። ሌላ ሰፊ እንቅጠር ሲሉት «እናስብበት» ይላል። ብላ ሲሉት ይበላል፤ ተኛ ሲሉት ይተኛል። አልቅሶ እንኳ ቢሆን ኖሮ ልጁ እንዲህ ባልተጨነቀች ነበር።

ሐዘኑን ለማስታመም የመጣችው አክስቷ፣ የአባቷ ታላቅ እህት፣ በራሷ መንገድ ትሞክር ነበር።

«አንተ ሰውዬ» ትለዋለች ሻዩን እያቀረበች፣ «ዝናብ እያስገባ ከፀሐይ የማያስጥል ጃንጥላ የሚገዛህ ማን ነው? ለዓሣ ልትሸጠው ነው?»

እሱ አንገቱን ቀና አድርጎ ያያትና መልሶ ወደ ሽቦው ያጎነብሳል። አክስት ወደ ወጥ ቤት ተመልሳ ለወንድሟ ልጅ፣ «በሕይወቱ እንዲህ ያለ ቀልድ ሰምቶ ሳይስቅ ቀርቶ አያውቅም። እኔ የምለው እየከፋ ነው ወይስ እሱ ነው?» ትላታለች።

ወጣቷ ነገሩን ለብዙ ሳምንታት በልቧ አመላለሰችው። በየጠዋቱ ተንበርክካ አንዲት ቃል ስትናገር አኩርፎ የተኛ ውሃ ተነሥቶ ይስቃል። ከዚያ ቤቷ ትገባለች፤ አባቷ ተቀምጧል። የወንዙን ፊት ማብራት የቻለች አፍ ለአባቷ «እንደምን አደርክ» ከማለት ሌላ ምንም የላትም። ይህ ትክክል ሊሆን አይችልም፤ ትክክል ያልሆነ ነገር ደግሞ ሊስተካከል ይገባዋል ብላ ታምናለች።

በመሥሪያ ቤቱ ከጠዋቱ ሥራ በኋላ አስደሳቾቹ እግራቸውን በፎጣ እያደረቁ ሻይ ይጠጣሉ። የታላቂቱ አስደሳች ሽማግሌ ናቸው፤ በሚናገሩት ሁሉ መካከል «ቀስ በሉ» ስለሚሉ ስማቸው ተረስቶ ጋሽ ቀስበሉ ሆነው ቀርተዋል። ባለፈው ሳምንት አጠገባቸው ተቀምጣ ጠይቃቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ቃሉን ለሰው የማንናገረው ለምንድን ነው?»

«ለሰው?» አሉ ጋሽ ቀስበሉ፣ ዳቧቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ። «ቀስ በሉ እንጂ፤ ጆሮ ገብቶ አይሠራማ። በጆሮ ቢሆን እኔ ይኸውና አርባ ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ ፊቴን ተመልከቺው፣ ደስታ ይታይሻል?»

«በውሃስ ቢሆን? ቃሉ የተነገረውን ውሃ ሰው ቢጠጣው?»

«ሕጉን ታውቂው የለም ወይ?»

ታውቀዋለች። የመጀመሪያው ዓመት የመጀመሪያ ትምህርት ነው፤ ቃሉ የሚነገረው በራሱ መጥቶ በራሱ መሄድ ለሚችል ውሃ ብቻ ነው። በፈተና ላይ ተጠይቃ አንዲት ፊደል ሳትስት ጽፋዋለች። ምክንያቱን ግን ማንም አልነገራትም።

«ለምን እንደሆነ ነው እኔ የጠየቅኩት፤ የሰው ደስታ አያገባንም ማለት ነው?»

«የሰው ደስታ የእኛ ክፍል አይደለም ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «በሌላ ክፍል ነው የሚታየው። ክፍሉ ግን እስካሁን አልተከፈተም።»

አካባቢያቸው የነበሩት ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ስትስቅ ግን ወስና ጨርሳ ነበር። ሕጉ ከስስት የመጣ ነው ብላ አሰበች። በጥንት ጊዜ አንድ ሰው፣ ቃሉ በብርጭቆ ለድሃ ሁሉ እንዳይታደል ፈርቶ ያወጣው መሆን አለበት። መልካም ነገርን የሚከለክል ሕግ ምክንያቱን ካልተናገረ፣ ምክንያት የለውም ማለት ነው።

እናም በዚያ ማክሰኞ፣ ታናሺቱ ተነሥታ መውረድ ከጀመረች በኋላ፣ ወጣቷ ከቦርሳዋ የመስታወት ጆግ አውጥታ ከወንዙ ሞላችው። ጆጉን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ጎንበስ አለች፤ ለወንዙ በምትናገርበት ድምፅ፣ በማይጮኽና በማያንቀላፋ ድምፅ፣ ቃሉን ደገመችው።

ውሃው ደነገጠ። ከዚያ በጆጉ ውስጥ ዞረ፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ብርሃን እየሠራ፤ በመጨረሻም ቁልቁለት ወዳለበት ጎን ተሰብስቦ ቆመ። በአንድ ወገን ከፍ ብሎ፣ በሌላው ወገን ጎድሎ፣ ዘንበል እንዳለ ቀረ። ወጣቷ በሳህን ከድና ሽቅብ ወደ ቤቷ ስትወጣ ጆጉ ወደ ኋላ ይስባት ነበር፤ ከቤት መሄድ የማይፈልግ ሕፃን በእጇ የምትጎትት ይመስል ክንዷ ተወጠረ።

«እሷ ደግሞ ወንዙን ወደ ቤቷ ልትወስደው ነው!» አለች ከታች ከአጣቢዎቹ አንዷ፣ የተጠመዘዘ አንሶላ ትከሻዋ ላይ እንዳለ። «ለእኛም አስቀሪልን እንጂ፣ የኔ እመቤት!»

ቤት ስትደርስ አባቷ ከሥራ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ አክስቷ ዳቦ ትቆርጣለች። ወጣቷ አንድ ብርጭቆ ቀድታ በሁለት እጇ አቀረበችለት፤ በአንድ እጅ ብትይዘው ይፈስባት ነበር።

«አባዬ፣ ጠጣ።»

«ሻይ አለ።»

«ከሻዩ በፊት። ቀዝቃዛ ነው።»

አባቷ እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ይህንንም እሺ ብሎ ተቀበለ፤ በአንድ ትንፋሽም ጨረሰው። ብርጭቆውን መልሶ ሲያስቀምጥ ትከሻው ወረደ። ከበጋው ጀምሮ ተሸክሞት የኖረውን አንድ ከባድ ነገር አንድ ሰው ከኋላው መጥቶ የተቀበለው ይመስል ወረደ። ፊቱ ተፈታ። ጣሪያው ላይ የተሰቀሉትን ጃንጥላዎች አየና፣ «ለዓሣ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

አክስት ቢላዋውን አስቀመጠች። «ሳቀ» አለች በሹክሹክታ። «የወር ቀልድ ነው፤ አሁን ገባው።»

ወጣቷ አፏን በእጇ ሸፈነች። በዚያች ቅጽበት ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይልቅ ይህ ክፍል ትልቅ ሆኖ ታያት። ለጎረቤቱ፣ ለሆስፒታሉ፣ ጥቁር ለለበሰ ሰው ሁሉ በጆግ በጆግ ስታመላልስ ታያት። «አባዬ፣ እንዴት ነህ?» አለችው።

አባቷ ብድግ አለ። ፈገግ እንዳለ በሩን አልፎ ወጣ፤ ዝግ ቢሆን ኖሮ ምን ያደርግ እንደነበር አይታወቅም፣ ግን ክፍት ነበር። ወደ ግራ ታጠፈ። ወደ ግራ ቁልቁለት ነው።

«ወዴት ነው?» አለች አክስት። ከዚያም ወደ ጆጉ እጇን ዘረጋች። «ለማንኛውም እኔም ልቅመሳት።»

«እትዬ፣ እንዳትነኪው!»

«መርዝ ነው እንዴ?»

«አይደለም፤ ደስታ ነው!»

«ታዲያ ለምን ትከለክይኛለሽ?»

ወጣቷ ጆጉን ነጥቃ ከደጃፉ ላይ ደፋችው፤ ውሃው ለአፍታም ሳይረጋ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ እየሳቀ ቁልቁል ሮጠ። እሷም ተከትላው ሮጠች።

አባቷ አይሮጥም ነበር። በደንብ በተኛ ሰው እርምጃ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ይሄዳል። ሰላም ለሚለው ሁሉ ሰላም ይላል፤ ለማንም ግን አይቆምም። ባለ ጋሪ መንገዱን ዘግቶ ሲያገኘው በጎን አለፈ። ሁለት ሴቶች የቤት ዕቃ ይዘው ሲመጡ መካከላቸውን ሰንጥቆ ወጣ፤ «አይዟችሁ» እያለ። ከእንጀራ ልጁ ጋር ፋርማሲ የከፈተው የድሮ ጓደኛው ከመደብሩ ወጥቶ፣ «አንተ! ከሞት ተነሣህ? ና እንጂ ግባ!» ብሎ እጁን ያዘው፤ አባቷ ሳቀለት፣ እጁንም ጨበጠው፣ ሳይለቀውም መሄዱን ቀጠለ፤ ጓደኛው ሁለት ሦስት እርምጃ አብሮ ከተጎተተ በኋላ ለቀቀው። መንገድ በተከፈለ ቁጥር አባቷ ለአፍታ እንኳ ሳያመነታ ዝቅ ያለውን ይመርጣል።

በአንድ መታጠፊያ ላይ ወጣቷ በደረጃ አቋርጣ ቀደመችው። መካከል መንገድ ላይ እጆቿን ዘርግታ ቆመች።

«አባዬ፣ ይበቃል። ቤት እንግባ።»

አባቷ ትክ ብሎ አያት። በዓይኑ ውስጥ መልካም ነገር ሁሉ ነበር፤ ደግነት፣ ቸርነት፣ ለጠዋቱ ያለው ፍቅር። የጎደለችው እሷ ብቻ ነበረች። «ይቅርታ እህቴ» አለ በትሕትና፣ «ላሳልፍሽ ወይስ ታሳልፊኛለሽ?» በቀኟ ሞከረ፤ ዘጋችበት። በግራዋ ሞከረ፤ ዘጋችበት። አልተቆጣም። ትንሽ ጠበቀ፣ ከዚያ ትከሻዋን በቀስታ ነክቶ፣ ውሃ ድንጋይን እንደሚዞር ዞራት፤ ወረደ።

ወጣቷ ሕጉ በዚያን ጊዜ ገባት። ወንዝ ደስ ሲለው የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሄድ። የሚያልፍበትን ሁሉ ያጠጣል፣ ማንንም አያስቀርም፣ ማንም ጋ አይቀርም። እሷ በጆግ ውስጥ የዘጋችው ውሃ ያንን መሄድ ይዞ ነበር የቆየው፤ መውጫ ሲያገኝ አባቷን ሆኖ ወጣ። ስስት አልነበረም። ወይም ስስት ከነበረ፣ የሚወዱትን ሰው ለማቆየት የሚሰስት ሰው ስስት ነው።

ከከተማው ግርጌ ሦስቱ ወንዞች የሚገቡበት ሐይቅ አለ። አባቷ ጫማውን ሳያወልቅ ገባበት፤ ውሃው ጉልበቱ ላይ ሲደርስም ቆመ። ከዚያ ወዲያ ዝቅ ያለ ነገር የለም። ወጣቷ ቀሚሷን ሰብስባ ከጎኑ ቆመች፤ የኮቱን ጫፍ ያዘች። ሌላ የሚያዝ ነገር አላገኘችም። ጀልባ ጠጋኞቹ ከዳር ሆነው ሲመለከቷቸው ቆዩና፣ የሚሰጥም ሰው አለመኖሩን ሲያዩ ወደ መዶሻቸው ተመለሱ። ፀሐይዋ ከጀርባቸው ወደ ፊታቸው እስክትዞር አባቷ ሐይቁን እያየ ፈገግ እንዳለ ቆመ፤ እሷም ኮቱን እንደያዘች።

ከሰዓት በኋላ፣ ጥላቸው ወደ ከተማው ሲረዝም፣ የኮቱ ጫፍ ከበዳት። ትከሻው ተመልሶ ወጥቶ ነበር። አባቷ ወደ እግሩ አየ፣ ከዚያ ወደ እሷ።

«ጫማዬ» አለ።

«ይደርቃል።»

«አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ እዚህ? ሥራ አልገባሽም?»

«ገብቼ ወጣሁ አባዬ።»

ዳር ላይ ካለ የተገለበጠ ጀልባ ላይ አስቀመጠችው፤ ተንበርክካ ጫማውን ፈታችለት፣ ካልሲውንም ጨምቃ ከጎኑ ዘረጋችው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው፤ ጆጉን፣ ቃሉን፣ ሕጉን። ይቆጣል ብላ ነበር። እንዲቆጣም ፈልጋ ነበር። እሱ ግን ሳያቋርጣት ሰምቶ ጨረሰ።

«ምን ታስታውሳለህ?» አለችው።

አባቷ አሰበ። ሽቦ ሲያቃና እንደሚያደርገው አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አሰበ። «ቀላል ነበርኩ» አለ።

«እማዬንስ?»

«አልነበረችም። መቅረቷም አልነበረም። ከእሷ በፊት እንኳ እንደዚያ ሆኜ የማውቅ አይመስለኝም።»

ለመጠየቅ ፈራች፤ ጠየቀችም። «እኔስ?»

«አንዲት ልጅ መንገድ ላይ ቆማ ነበር» አለ። «እጆቿን ዘርግታ። ደግ ፊት ነበራት። የማን ልጅ ትሆን ብዬ ነበር።» ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ ከበጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባው ወረደ። ወጣቷ በቀሚሷ እጅጌ ጠረገችለት። እሱም ተወላት። ጀልባ ጠጋኞቹ ወደ ሌላ አቅጣጫ ማየት ጀመሩ፤ አንዱም ያለ ምክንያት መዶሻውን ከፍ አድርጎ መምታት ያዘ።

ካልሲው ሳይደርቅ ተነሡ። ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ሁሉ ዳገት ነው። አባቷ ጠዋት እንደ ዋዛ የወረደውን መንገድ አሁን በየመታጠፊያው እየቆመ፣ በክንዷ ተደግፎ፣ ይወጣዋል። ሰላም የሚላቸው ሰው ሁሉ ጋ ይቆማል፤ ለመቆምም ምክንያት ሲያገኝ ደስ ሳይለው አይቀርም። ፋርማሲው በር ላይ ጓደኛው፣ «ጠዋት እንኳ አልፈኸኝ ነው የሄድከው!» ብሎ ወቀሰው፤ አባቷም «ይቅር በለኝ፣ እኔም ራሴን አላየሁትም» አለው። ጓደኛው ሳቀ። ወጣቷ አልሳቀችም።

ቀሚሷ እርጥብ ነበርና እየተጣበቀባት አስቸገራት። በአእምሮዋ ነገ ለጋሽ ቀስበሉ የምትነግራቸውን ትፈልግ ነበር። ሕጉን መጣሷን ትነግራቸዋለች፤ ሕጉ ምክንያቱ ተጽፎለት ለተማሪዎች እንዲሰጥም ትጠይቃለች። ይህ ትክክል ነው። ከዚያ በላይ ግን ሐሳቧ አይዘልቅም፤ በክንዷ ላይ ያረፈው የአባቷ እጅ ሐሳቧን ይይዘዋል። ከባድ ነው። አባቷ ሙሉ በሙሉ በዚያ እጅ ውስጥ አለ።

ከቤታቸው በታች ያለው የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ከአንድ ግንብ ተደግፎ ቆመ። ከላይ አክስቷ ደጃፍ ላይ ወጥታ፣ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ መንገዱን ትቃኛለች፤ ገና አላየቻቸውም። ከግንቡ ወዲያ ታናሺቱ ስትወርድ ይሰማል፤ ወደ ማምሻ ስለሆነ ድምፅዋ ሳስቷል፣ ጥቂት ቆይታ ትተኛለች።

«ልጄ» አለ አባቷ።

«አቤት አባዬ።»

«በየቀኑ አላልኩም።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «መንገዱን ዘግታችሁ፣ በሩን ቆልፋችሁም ቢሆን ግድ የለኝም። አንቺ አጠገቤ ትቀመጫለሽ። ግማሽ ብርጭቆ ይበቃኛል። አንድ ቀን ብቻ ድገሚልኝ።»

አክስት ከላይ አየቻቸው፤ እጇን እያወዛወዘች መጣራት ጀመረች። ወጣቷ የአባቷን ክንድ ከፍ አድርጋ ያዘች፤ ለመውጣትም አንድ እግሯን አነሣች፣ እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«እሺ በይኝ፣ የኔ ልጅ» አላት።